የፒሳው ግንብ ለምን ዘመመ? እስካሁንስ ለምን አልወደቀም?

የአንዲት እናት ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ልጄ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። መምህራቸው ጣሊያን አገር ስላለው የዘመመ ግንብ መሠረታዊ መረጃ ሰብስባችሁ ኑ ብሏቸዋል። እኔ የማውቀው ፎቶውን ብቻ ነው። ሆን ተብሎ ነው እንዲያ የተሠራው? አንዱ 4 ዲግሪ ነው የዘመመው ይላል፣ ሌላው 5 ተኩል፤ የቱን ትጻፍ? ይህን ሁሉ ዘመንስ ሳይወድቅ እንዴት ቆየ? ማቃናት ከቻሉ ለምን ጨርሰው ቀጥ አላደረጉትም?»

እህቴ፣ ከጥያቄዎችዎ በአንድ ቃል የሚመለሰው የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ አይደለም፣ ሆን ተብሎ አልተሠራም። የሌሎቹ መልስ ትንሽ ይረዝማል። ሥራዬ የአፈርና የመሠረት ምህንድስና ነው፤ ቤት ሲሰነጠቅ፣ አጥር ሲዘም የሚጠሩት እኔን መሰል ሰው ነው። ለእኛ ሙያ ሰዎች የፒሳ ግንብ እንደ አንድ በሽተኛ የሐኪም ካርድ ነው። በሽታው፣ የተሳሳተው ሕክምና፣ መጨረሻ ላይ የተገኘው መድኃኒት፣ ሁሉም ተመዝግቦ ተቀምጧል። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ እጽፋለሁ፤ ለልጅዎ የሚሆናትን እርስዎ ይምረጡላት። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ለደብተሯ የሚሆነውን ልስጥዎ። ግንቡ ያለው በቶስካና ክልል፣ አርኖ ወንዝ ባሕር ሊገባ ጥቂት ሲቀረው በሚያቋርጣት በፒሳ ከተማ ነው። ብዙ ሰው ራሱን የቻለ ሐውልት ይመስለዋል፤ ነገር ግን የከተማዋ ካቴድራል ደወል ቤት ነው። እኛ ዘንድ ከቤተ ክርስቲያኑ ፈንጠር ብሎ ለብቻው እንደሚቆመው ደወል ቤት ማለት ነው። ካቴድራሉ፣ ክብ የሆነው የማጥመቂያው ሕንፃ፣ መካነ መቃብሩና ግንቡ በአንድ አረንጓዴ መስክ ላይ አብረው ቆመዋል፤ በ1987 ዩኔስኮ አራቱንም በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ግንቡ 8 ደርብ አለው። ቁመቱ በዘመመበት በደቡብ በኩል 55.86 ሜትር፣ በሰሜን በኩል 56.67 ሜትር ነው። ክብደቱ 14,500 ቶን ገደማ ይሆናል። ላይ ለመድረስ ወደ 300 የሚጠጉ ደረጃዎች አሉት፤ አናቱ ላይ 7 ደወሎች ተሰቅለዋል፣ ትልቁ በ1655 የተሰቀለው ነው። ግድግዳው ውስጡ ባዶ የሆነ ቧንቧ ይመስላል፤ ከውጭም ከውስጥም እብነ በረድ ለብሶ መሐሉ በኖራና በድንጋይ ስብርባሪ ተሞልቷል። ይህቺን የመጨረሻዋን ነገር በልብዎ ይያዟት፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የግንቡ ችግር ከግንቡ አይጀምርም፣ ከአፈሩ ነው። ፒሳ የተቆረቆረችው ወንዝና ባሕር ለብዙ ሺህ ዓመታት ደለል ባከማቹበት ሜዳ ላይ ነው። ከግንቡ ሥር ቢቆፍሩ የመጀመሪያዎቹ 10 ሜትሮች የተደበላለቀ ደለል ናቸው፤ አሸዋም አለበት፣ ጭቃም አለበት፣ በደቡብ በኩል ያለው ከሰሜኑ ይልቅ ጭቃ ይበዛዋል። ከዚያ በታች እስከ 40 ሜትር ድረስ ባሕር ያስቀመጠው ለስላሳ ሸክላ ነው፤ የአገሩ ሰዎች ፓንኮኔ ይሉታል። ጠንካራ አሸዋ የሚገኘው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የከርሰ ምድር ውሃው ደግሞ ከ1 እስከ 2 ሜትር ብቻ ቢቆፈር ብቅ ይላል።

በዚህ ላይ ምን እንደተጫነ ያስቡት። የግንቡ መሠረት ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 19.6 ሜትር የሆነ ቀለበት ነው፤ ሲሠራ ወደ መሬት የገባው 3 ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። 14,500 ቶኑን በዚያ ቀለበት ስፋት ቢያካፍሉት እያንዳንዱ ካሬ ሜትር 50 ቶን ያህል ይሸከማል። እንዲህ ባለ አፈር ላይ፣ እንዲህ ባለ ጥልቀት፣ ዛሬ አንድ ደንበኛ የዚህን ሩብ ጭነት ላሳርፍ ቢለኝ አልፈርምለትም። ግንቡ ከመዝመሙ ሌላ በአማካይ 3 ሜትር ያህል ወደ ታች ሰምጧል፤ ዛሬ ከመሬት በታች ሆነው የሚታዩት የዐምዶቹ እግሮች ሲሠሩ ከመሬት በላይ ነበሩ።

እንግዲህ ሥራው የተጀመረው በነሐሴ ወር 1173 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ቤርታ ዲ ቤርናርዶ የምትባል አንዲት ሴት ለደወል ቤቱ ድንጋይ መግዣ 60 ሶልዲ (የዚያን ጊዜ ገንዘብ ነው) በኑዛዜዋ ትታ ነበር። ስለ ግንቡ ብዙ ስጽፍና ስናገር ይህችን ሴት ሳላነሣ አላልፍም፤ የንድፉ ባለቤት ማን እንደሆነ እንኳ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፣ በልማድ ቦናኖ ፒዛኖ ይባላል፣ ዲዮቲሳልቪ ነው የሚሉም አሉ። የእሷ ስጦታ ግን ተጽፎ ቀርቷል።

አምስት ዓመት ገነቡ። በ1178 አራተኛው ደርብ ላይ ሲደርሱ ሥራው ቆመ። የሚገርመው ነገር ያን ጊዜ ግንቡ ዘመም ያለው ወደ ደቡብ አልነበረም፣ በጣም በጥቂቱ ወደ ሰሜን ነበር። ከዚያ ወደ መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ግማሹ ግንብ እንዳለ ቆሞ ቀረ።

ይህ መቶ ዓመት ነው ግንቡን ያተረፈው። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት የማውቀው ጥሩ ምሳሌ ማእድ ቤት ውስጥ ያለው ነው። አይብ በጨርቅ ተቋጥሮ ሲንጠለጠል አጓቱ በአንድ ጊዜ አይወጣም፣ ጠብ ጠብ እያለ ነው የሚወርደው፤ አይቡም እየጠነከረ የሚሄደው በዚያው ልክ ነው። ቸኩለው በእጅዎ ቢጨምቁት ግን አይቡ ራሱ በጨርቁ ቀዳዳ ይወጣል። ለስላሳ ሸክላም እንዲሁ ነው። ጭነት ሲያርፍበት በውስጡ ያለው ውሃ መውጫ ይፈልጋል፤ የሸክላ ቀዳዳ ደግሞ ከጨርቅ ቀዳዳ እጅግ የጠበበ ስለሆነ ውሃው ወጥቶ እስኪያልቅ አሥርት ዓመታት ይወስዳል። በ1178 ሳያቆሙ ቀጥለው ቢሆን ኖሮ አፈሩ ጭነቱን መሸከም አቅቶት ግንቡ ያኔውኑ ይገለበጥ ነበር። ይህን ስሌት በኋላ የሠሩት መሐንዲሶች ናቸው፤ ግንበኞቹ አላወቁትም። አፈሩ ግን በሰላም መቶ ዓመት አገኘ፣ አጓቱን አንጠባጠበ፣ ጠነከረ።

በ1272 በጆቫኒ ዲ ሲሞኔ መሪነት ሥራው እንደገና ተጀመረ። አሁን ግንቡ አቅጣጫውን ለወጠና ወደ ደቡብ መዝመም ጀመረ። ግንበኞቹ ይህን አይተዋል። ቱምቢ የጣለ ግንበኛ ሁሉ የሚያደርገውን አደረጉ፤ እያንዳንዱን አዲስ ረድፍ ድንጋይ በዘመመው በኩል ወፈር፣ በተቃራኒው ሳሳ እያደረጉ ወደ ላይ አቃኑት። የታችኛው ክፍል ግን ቀስ በቀስ መዝመሙን ስላላቆመ እነሱም ማቃናቱን አላቆሙም። ስለዚህ የፒሳ ግንብ ቀጥ ያለ ዘንግ አይደለም፣ ሙዝ ነው። ፎቶውን አስተውለው ቢያዩት ወገቡ ላይ ጎበጥ ብሎ ወደ ሰሜን መለስ ሲል ይታያል። በ1278 ሰባተኛው ደርብ ላይ ሲደርሱ ዳግመኛ ቆሙ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1284፣ የፒሳ መርከቦች በሜሎሪያ ጦርነት በጄኖዋ ተሸነፉና ከተማዋ አቅሟ ተዳከመ። ሁለተኛው ዕረፍት 80 ዓመት ያህል ነበር፤ አሁንም ሸክላው ጊዜ አገኘ። ደወሎቹ የተሰቀሉበት ስምንተኛው ደርብ የተሠራው ከ1360 ገደማ ጀምሮ ነው። እዚያ ቦታ ከሰባተኛው ደርብ ወለል ወደ ደወሉ ክፍል የሚያስወጡት ደረጃዎች በደቡብ በኩል 6፣ በሰሜን በኩል 4 ናቸው። ሰዎቹ ምን ያህል እየታገሉ እንደነበር ከዚህ በላይ የሚነግረኝ ምልክት የለም።

እንግዲህ «ለምን አልወደቀም?» ለሚለው አንዱ መልስ ይህ ነው፤ ሁለት ጊዜ አረፈ። ሌላውም መልስ ቀላል ነው፤ አንድ ነገር የሚወድቀው የክብደቱ መሐል ከመሠረቱ ዳር ሲወጣ ነው፣ የፒሳ ግንብ የክብደት መሐል ግን እስካሁን ከመሠረቱ ውስጥ ነው። ይሁንና በዚህ ብቻ ተዝናንቶ መቀመጥ ስሕተት ነበር። የክብሪት ቀፎዎችን ሲሚንቶ ወለል ላይ አንዱን በአንዱ ላይ ቢደረድሩ ብዙ ይወጣሉ። ያንኑ ስፖንጅ ፍራሽ ላይ ቢሞክሩት አንድ ቁመት ላይ ሲደርሱ የቱንም ያህል ቢጠነቀቁ ይዘማል። ስፖንጁ ስላልጠነከረ ተበጥሶ አይደለም፤ ልል ስለሆነ ነው። ጥቂት ሲዘም ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል፣ ያ ጎን የበለጠ ይረግጣል፣ ሲረግጥ የበለጠ ይዘማል። ጆን በርላንድ የተባሉት እንግሊዛዊ የአፈር ምህንድስና ፕሮፌሰር የፒሳ ግንብ በሽታ ይኸው መሆኑን አሳይተዋል። ግንቡ ለዚያ አፈር ልክ በአፋፉ ላይ ያለ ቁመት ነበረው። እንዲህ ያለ ነገር እግሩ ሥር በሚደረግ በትንሽ ነገር ይደነግጣል።

እግሩ ሥር ደግሞ ሰው ሁሉ ገብቶበታል። ይህን ክፍል ስጽፍ ሁልጊዜ ልቤ ያዝናል፤ የሁሉም ሐሳብ ቅን ነበርና።

በ1838 አሌሳንድሮ ጌራርዴስካ የተባለ አርክቴክት የሰመጡት የዐምዶች እግር ለሕዝብ ይታይ ብሎ በግንቡ ዙሪያ እንደ ገበታ ዝቅ ያለ መሄጃ አስቆፈረ። ቁፋሮው ከከርሰ ምድር ውሃው በታች ወረደ፣ ውሃው ፈነዳ፣ ግንቡም ግማሽ ዲግሪ ያህል በአንድ ጊዜ ዘመመ። ግማሽ ዲግሪ! በኋላ ዘመን በዓመት 6 ሴኮንድ ብቻ ነበር የሚዘመው፤ አንድ ዲግሪ 3,600 ሴኮንድ ነው። የአንድ ጠባብ መሄጃ ዋጋ የብዙ ትውልድ ዝማሜ ሆነ ማለት ነው። በ1934 ደግሞ በሙሶሊኒ መንግሥት ዘመን መሠረቱን እናጠንክር ተባለና 361 ቀዳዳዎች በመሠረቱ ውስጥ ተበስተው ከ80 ቶን ያላነሰ የሲሚንቶ ብጥብጥ ተወጋበት። ግንቡ ወዲያው ወደ ደቡብ ዘለል አለ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአካባቢው ከጥልቅ ጉድጓዶች የሚሳበው ውሃ ዝማሜውን አፋጠነው፤ ጉድጓዶቹ ሲዘጉ ረገብ አለ።

እኔም በሥራዬ ደጋግሜ የማየው ይህንኑ ነው። ቤቱ ለዓመታት በሰላም ቆሞ፣ አንድ ቀን ጎረቤት ለፍሳሽ ማስወገጃ ወይም ለምድር ቤት ከግድግዳው ሥር ቦይ ይከፍታል፤ በሳምንቱ ግድግዳው ከጥግ እስከ ጥግ ይሰነጠቃል። በተለይ በጥቁር አፈር ላይ የተሠራ ቤት ያለው ሰው ከመሠረቱ አጠገብ ከመቆፈሩ በፊት እባክዎ ባለሙያ ያማክር።

ወደ ፒሳ ልመለስ። በመጋቢት ወር 1989 በሰሜን ጣሊያን ፓቪያ ከተማ ውስጥ የነበረ አንድ አሮጌ የከተማ ግንብ ድንገት ተንኮታኩቶ 4 ሰዎች ሞቱ። ያ ግንብ በአፈር ምክንያት አልነበረም የወደቀው፤ የግድግዳው ውስጥ ደክሞ፣ በራሱ ክብደት ፈነዳ። ቅድም በልብዎ ይያዟት ያልኩዎት ነገር እዚህ ላይ ነው የምትመጣው። የፒሳ ግንብም ግድግዳው ያው ዓይነት ነው፣ ከውጭ ቀጭን እብነ በረድ፣ መሐሉ ስብርባሪ። ሲዘም ደግሞ ክብደቱ ሁሉ በደቡብ በኩል፣ ከመጀመሪያው ደርብ በላይ ባለው መታጠፊያ ላይ ይከማቻል። በጥር 1990 ግንቡ ለጎብኚ ተዘጋ፤ መንግሥትም ሚኬሌ ያሚዮልኮቭስኪ በተባሉ ፕሮፌሰር የሚመራ ኮሚቴ አቋቋመ። በርላንድም ከአባላቱ አንዱ ነበሩ። በዚያ ጊዜ የመሠረቱ ዝማሜ 5.5 ዲግሪ ደርሶ ነበር፤ ሰባተኛው ደርብ ከእግሩ 4 ሜትር ተኩል ያህል ወደ ውጭ ወጥቷል።

ኮሚቴው መጀመሪያ ያደረገው የተጎዳውን ወገብ በ1992 በብረት ገመድ ማሰር ነው። ቀጥሎ፣ ከ1993 ጀምሮ፣ በሰሜን በኩል እግሩ ላይ 600 ቶን እርሳስ ደረደሩ፤ እንደ ሚዛን ተቃራኒውን ጎን መጫናቸው ነበር። ግንቡ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ በጥቂቱ ወደ ሰሜን ተመለሰ። ግን የእርሳሱ ክምር አስቀያሚ ነበርና በመሬት ውስጥ በሚታሰር ገመድ እንተካው አሉ። ለዚህ መቆፈር ስለነበረባቸው፣ ውሃው እንዳይገባ አፈሩን በፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዘቀዙት። በመስከረም 1995 ግንቡ ተንቀሳቀሰ፤ ወትሮ በዓመት የሚዘመውን ያህል በጥቂት ጊዜ ውስጥ ወደ ደቡብ ሄደ። ያን ሰሞን እዚያ የነበሩት መሐንዲሶች እንቅልፍ አልነበራቸውም። ሥራውን አቁመው እርሳሱን ወደ 900 ቶን አሳደጉት። የዓለም ምርጥ ባለሙያዎች ተሰብስበው እንኳ የ1838ቱን ስሕተት ሊደግሙት ምንም ያህል አልቀራቸውም ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው መድኃኒቱ የመጣው። ሐሳቡን ፈርናንዶ ተራቺና የተባለ ጣሊያናዊ መሐንዲስ ገና በ1962 አቅርቦት ነበር፤ የሜክሲኮ ከተማ ካቴድራልም በዚሁ ዘዴ ታክሟል። ነገሩ እናቶቻችን ከሚያውቁት የራቀ አይደለም፤ የጠላ ጋን መሬት ላይ ሲያዘነብል ዝቅ ያለውን ጎን ለማንሣት አይታገሉም፣ ከፍ ካለው ጎን ሥር አፈሩን ጫር ጫር ያደርጉና ጋኑ በራሱ ክብደት ይመለሳል። በፒሳም ከግንቡ ሰሜን፣ በቀጭን ቱቦ ውስጥ በሚሽከረከር መሰርሰሪያ፣ በሰያፍ ወደ መሠረቱ ሥር እየገቡ አፈር አወጡ። ቱቦው ሲወጣ የተረፈው ባዶ ቦታ ቀስ ብሎ ይደፈናል፤ ግንቡም በዚያው ልክ ወደ ሰሜን ይቀመጣል።

መጀመሪያ በ1999 በ12 ቀዳዳ ሞከሩ። ከ2000 እስከ 2001 ድረስ በ41 ቀዳዳ ሠሩት። ምናልባት ቢከፋ ተብሎ ግንቡ በረጃጅም የብረት ገመዶች ከሩቅ ታስሮ ነበር። ሥራው በየቀኑ የሚለካ ነበር፤ ማታ ማታ የዕለቱ ልኬት ይታያል፣ ለነገ የት፣ ምን ያህል እንደሚወጣ ይወሰናል። በጠቅላላ የወጣው አፈር 38 ሜትር ኩብ ብቻ ነው። ጥቂት ገልባጭ መኪና አፈር ማለት ነው እንግዲህ፤ 14,500 ቶን ግንብ ያቃናው እሱ ነው። ግንቡ ግማሽ ዲግሪ ተመለሰ፣ አናቱ ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን መጣ፤ ጌራርዴስካ ከመቆፈሩ በፊት ወደነበረበት አካባቢ ማለት ነው። በታኅሣሥ 15 ቀን 2001 ለሕዝብ ተከፈተ። በኋላም በሰሜን በኩል የከርሰ ምድር ውሃው ከዝናብ ጋር ከፍ ዝቅ እንዳይል ማፍሰሻ ተሠራለት፤ በ2008 መሐንዲሶቹ ግንቡ መዝመሙን ማቆሙን አስታወቁ።

አሁን የዲግሪውን ነገር ልመልስልዎ፤ ሁለቱም ቁጥሮች የመጡበት አላቸው። 5.5 የሚለው በ1990 የተለካው የመሠረቱ ዝማሜ ነው፤ ዛሬ ወደ 5 ወርዷል። 4 የሚለው ደግሞ የግንቡን አናት ከእግሩ ጋር በአንድ መስመር አገናኝቶ የሚለካ ነው፤ አናቱ 3.9 ሜትር ያህል ወጥቶ ቁመቱ 56 ሜትር ከሆነ፣ ማእዘኑ 4 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ግንቡ ሙዝ ስለሆነ አናቱ ከመሠረቱ ያነሰ ነው የሚዘመው፤ ስለዚህ ሁለቱ ልኬቶች መቼም እኩል አይሆኑም። ልጅዎ «ዛሬ 4 ዲግሪ ገደማ» ብላ ብትጽፍ ትክክል ናት፤ መምህሯ ከጠየቃት ደግሞ ምክንያቱን ትነግረዋለች።

ለምን ጨርሰው ቀጥ አላደረጉትም ላሉኝ፣ ቀጥ የሚባል የፒሳ ግንብ ኖሮ አያውቅም። መሠረቱን ቢያስተካክሉት የላይኛው ግማሽ ወደ ሰሜን ይዘማል፤ ግንበኞቹ እያንዳንዱን ረድፍ የሠሩት ለዘመመ መሠረት ነውና። ከዚያም በላይ፣ ኮሚቴው የተቋቋመው ግንቡን ለማዳን እንጂ ለመለወጥ አልነበረም፤ ለመዳን ደግሞ ግማሽ ዲግሪ በቂ ነበር። በእኔ አስተያየት የሥራው ትልቁ ብስለት ያን ጊዜ እጃቸውን መሰብሰባቸው ነው። ከቻልን እንጨምር የሚለው ስሜት መሐንዲስን ምን ያህል እንደሚፈትነው አውቃለሁ።

ስለ ሳይንቲስቱ ጋሊሌዮ መጠየቋ አይቀርም። ጋሊሌዮ በ1564 ፒሳ ውስጥ ተወልዷል፣ ከ1589 እስከ 1592 በዚያው ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል። ከግንቡ ላይ ክብደታቸው የተለያየ ኳሶችን ጥሎ እኩል መውረዳቸውን አሳየ የሚለውን የጻፈው ተማሪው ቪቪያኒ ነው፤ አብዛኞቹ የታሪክ ሊቃውንት ግን መፈጸሙን ይጠራጠራሉ። «ይባላል» ብላ ትጻፈው።

የመሬት መንቀጥቀጡ ነገር ግን ያስደንቃል። ከ1280 ወዲህ አካባቢውን ቢያንስ 4 ብርቱ መንቀጥቀጦች መትተውታል፣ ግንቡ ግን አልተጎዳም። በ2018 በሮማ ትሬ ዩኒቨርሲቲና በብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት የ16 መሐንዲሶች ጥናት ምክንያቱን ገለጸ፤ ግንቡ ረጅምና ድርቅ ያለ ነው፣ አፈሩ ደግሞ እጅግ ልል ነው፣ ስለዚህ ግንቡ የሚወዛወዝበት ምት ከመሬቱ ምት ጋር አይገጥምም። ያዘመመው አፈር ራሱ ነው ከመንቀጥቀጥ የጠበቀው።

በዓለም እጅግ የዘመመው እሱ ነው ብላ ግን እንዳትጽፍ። በሰሜን ጀርመን የሱርሁዘን ቤተ ክርስቲያን ደወል ቤት 5.19 ዲግሪ ዘሟል። አቡ ዳቢ ያሉ ዘመዶችዎ ደግሞ ካፒታል ጌት የሚባለውን ሕንፃ አይተውት ይሆናል፤ 18 ዲግሪ ያዘነበለ ነው፣ እሱ ግን ከመጀመሪያው እንዲያ ተብሎ የተነደፈ፣ ብዙ የመሠረት ምሰሶ ያለው ዘመናዊ ሥራ ስለሆነ ከፒሳው ጋር አይወዳደርም። ከእኛም አገር አክሱም አለ። የንጉሥ ኢዛና የሚባለው 21 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው ሐውልት ዘመም ያለ ነው፤ በ1937 ወደ ሮም ተወስዶ የነበረው ሐውልት ተመልሶ በ2008 አጠገቡ ሲተከል፣ ሥራው እንዳይነቀንቀው ተብሎ በድጋፍ ታስሮ ነበር። ሐውልት አንድ ወጥ ድንጋይ ስለሆነ የግድግዳው ውስጥ ይፈነዳል ተብሎ አይፈራም፤ እግሩ ሥር ያለው አፈር ግን ያው እንደ ፒሳው መከበር ይፈልጋል።

ፒሳ ሄጄ ደረጃውን ስወጣ የገረመኝን አንድ ነገር ልንገርዎ። ደረጃው በግድግዳው ውስጥ እየዞረ ነው የሚወጣው፤ አንድ ጊዜ ሰውነት ወደ ውጭው ግድግዳ ይሳባል፣ ግማሽ ዙር ሲሄዱ ወደ ውስጠኛው። የእብነ በረዱ ደረጃዎችም የተበሉት በመሐላቸው አይደለም፤ በአንዱ ጎን ወደ ግራ፣ በሌላው ወደ ቀኝ ነው። ስምንት መቶ ዓመት ያህል የወጣው ሰው ሁሉ እግሩ ወደ ተሳበበት ረግጧል።

ልጅዎ ክፍል ውስጥ ማሳየት ከፈለገች አንድ ሙከራ ትሥራ። ሰፊ ሳፋ ውስጥ እርጥብ አሸዋ ትሙላ፤ ጠጠር የተሞላ ረጅም ጣሳ በአሸዋው ላይ ጥቂት ዘመም አድርጋ ታቁም። ከዚያ ከፍ ካለው ጎን በኩል በለስላሳ መጠጫ ስትሮ በሰያፍ ወደ ጣሳው ሥር እየወጋች አሸዋውን በጥቂት በጥቂቱ ታውጣ። በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅም ግንቡን ከመንካታቸው በፊት በአሸዋ ላይ በቆመ ትንሽ ሞዴል እንዲሁ ሞክረውታል። ስትሮዋን ከጣሳው ዳር ጥቂት ብቻ ታስገባ፤ ወደ መሐል ዘልቃ ካወጣች ጣሳው ወደ ዘመመበት ይብስበታል፣ እነሱም ይህን ድንበር ያገኙት በሞዴሉ ላይ ነው። ከእያንዳንዱ ውጊያ በኋላ እጇን ሰብስባ ትጠብቅ፣ በክር በተንጠለጠለ ጠጠር ትለካ፣ ቁጥሩን ትጻፍ፣ ከዚያ ቀጣዩን ትውጋ።